ሚዛኑን ማን ያዘው?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ደብተር ይዞ መጣ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት አለችን። መጽሐፍ የምንወድ ስድስት ሰባት ሰዎች በሳምንት አንዴ እንገናኝባታለን። ማኅበር አይደለንም። ማኅተምም ሊቀመንበርም የለንም። አዛዣችን ቡና የምታፈላልን እትዬ ብቻ ናት፤ በረካው ሳይጠጣ ማንም አይነሳም።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ነው። ታሪካዊ ልብ ወለድ ጀምሯል። የአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ለመብታቸው ስላደረጉት ትግል ነው የሚጽፈው። አድማ አለበት፣ ጠመንጃ አለበት፣ አንገት ላይ የሚታሰር ቀይ ጨርቅ አለበት። ቀዩ ጨርቅ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ቀይ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስረው፣ መሣሪያ አንስተው ብሌር ተራራ ላይ ተዋግተዋል። ልጁ አንብቧል፤ ሰነፍ አይደለም።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበልን። ገጽ አንድ ላይ ጀግናው ጋሪ ላይ ወጥቶ ንግግር ያደርጋል። ገጽ ሁለት ላይም ንግግር ያደርጋል። ገጽ ሦስት ላይ እኔ ቶናዬን ጨርሻለሁ፣ ሰውየው ገና ከጋሪው አልወረደም።

"እንዴት ነው ጋሼ?" አለኝ።

"ሰውየህ ምሳውን በልቷል?"

"የምን ምሳ?"

"ምሳ ነዋ! ስንት ነው የሚከፈለው? የማን ዱቤ አለበት?"

ከፋው። "ጋሼ፣ ይኼ እኮ የትግል ታሪክ ነው" አለና ደብተሩን ከደነ። ያን ዕለት በደንብ አልመለስኩለትም። ቡናውም ቀዝቅዞ ነበር፣ እኔም ትንሽ ቀለድኩ። አሁን ልመልስለት።

የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ትግል ከጋሪ ላይ ንግግር አልጀመረም። አብዛኛውን ጊዜ ከሚዛን ነው የጀመረው።

ቆፋሪው በሰዓት አልነበረም የሚከፈለው። በቶን ነው። ከመሬት ሥር የፈለጠው ከሰል በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ተጭኖ ይወጣና ደጅ ላይ ይመዘናል። ሚዛኑ የኩባንያው ነው። መዛኙም የኩባንያው ነው። ቆፋሪው ገና ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ሲመዘን አያይም። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ታዲያ ጋሪዎቹን እያሰፉ 2,000 ፓውንድ ይይዛል የተባለውን 2,500 ያስይዙት ነበር። በእኛ ሲሰላ ሰውየው 11 ኩንታል ከምናምን አውጥቶ የ9 ኩንታል ይከፈለዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ "ድንጋይ ቀላቅለሃል" ተብሎ ይቆረጥበታል። ስንት ድንጋይ? መዛኙ ያለውን ያህል።

ብዙ ቦታ ደግሞ የሚከፈለው ገንዘብ አልነበረም፤ ኩባንያው ያሳተመው ኩፖን ነው። ኩፖኑ የሚሠራው ኩባንያው ሱቅ ብቻ ነው። የሚኖርበት ቤት የኩባንያው፣ ሲታመም የሚያየው ሐኪም የኩባንያው። ከሥራ የተባረረ ቀን ከቤትም ይባረራል።

ለዚህ ነው እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1860 የወጣው የማዕድን ሕግ ትልቅ ነገር የነበረው። ቆፋሪዎች ከኪሳቸው እየከፈሉ አንድ የራሳቸውን ሰው ሚዛኑ አጠገብ እንዲያቆሙ ፈቀደ። አንድ ሰው ብቻ! ከኩባንያው መዛኝ ጎን ቆሞ የሚያይና የሚጽፍ። ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1913 ሥራ ያቆሙት ቆፋሪዎች ጥያቄ ውስጥም ይኸው ሰው አለ። ከእሱ ጋር የስምንት ሰዓት ሥራ አለ፣ ከፈለጉት ሱቅ የመግዛት መብት አለ፣ ሐኪም የመምረጥ መብት አለ። አንድ ሌላ ጥያቄም ነበራቸው፤ ልጁ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሦስት ገጽ ንግግር አይጽፍም ነበር። "የሙት ሥራ" ክፍያ ይባላል። ጣሪያው እንዳይናድ እንጨት ማቆም፣ ሐዲድ መዘርጋት፣ ድንጋይ ማንሳት፣ ይህ ሁሉ ከሰል ስላልሆነ አይመዘንም። ስለማይመዘን አይከፈልበትም። እንግዲህ አስቡት። ዱቤ ያለበት የልጆች አባት አንዲት ሰዓት አለችው። እንጨት ያቁምባት ወይስ ከሰል ይፍለጥባት?

ለእኔ ልብ ወለዱ ያለው እዚህች ሰዓት ውስጥ ነው።

ስለ ሉድሎው ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልጁ ሁለተኛ ምዕራፉን የሚወስደው ወደዚያ ነው። አድማውን ሲጀምሩ የኮሎራዶዎቹ ቆፋሪዎች ከኩባንያው ቤት ተባረሩ። ሉድሎው በምትባል ቦታ ድንኳን ተከሉ። ወደ 1,200 ሰው ክረምቱን በድንኳን አሳለፈ። ግሪክ አለ፣ ጣሊያን አለ፣ ሜክሲኳዊ አለ፤ ከ20 በላይ ቋንቋ ይነገር ነበር ይባላል። ከተኩስ የሚሸሸጉበት ጉድጓድ ከድንኳኖቹ ሥር ቆፈሩ። ቆፋሪ አይደሉ?

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1914 የግሪኮቹ ፋሲካ ደረሰ። ኦርቶዶክስ ስለሆኑ የእነሱ ፋሲካ ከእኛው ጋር አንድ ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር እሑድ ሚያዝያ 11 ቀን 1906 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እዚህ ደሴ ያን ዕለት ሰው ጾም ይፈታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራስ ሚካኤል እዚሁ ከተማ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ይጭናሉ። እዚያ ሉድሎው ግሪኮቹ በግ ጠብሰው መላውን ሰፈር ጋበዙ። ካቶሊኩም ሌላውም በላ። ከምግብ በኋላ ሴቶቹ ሳይቀሩ ኳስ ተጫወቱ። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ሥዕል ለማየት ብዙ አይቸገርም። የሰው በዓል የራሱ በዓል የሆነበት አገር ነው።

በማግስቱ ሰኞ በግዛቱ ወታደሮችና በቆፋሪዎቹ መካከል ተኩስ ተከፈተ። ማታ ላይ ድንኳኖቹ ነደዱ። ከአንዱ ድንኳን ሥር በነበረው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሴቶችና 11 ልጆች ሞተው ተገኙ። አድማው በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ። ማኅበራቸውም በኩባንያው ዘንድ ዕውቅና አላገኘም።

ልጁ ይህን ታሪክ የሚጀምረው ከተኩሱ ነው። እኔ ብሆን ከበጉ እጀምራለሁ። በጉን ማን ገዛው? በምን ገንዘብ? ሰባት ወር ሙሉ ደመወዝ ለሌለው ሰው በግ ትልቅ ጥያቄ ነው። ደግሞ ከጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን ልጆች ከአንድ ቀን በፊት ኳስ ሲያሳድዱ ካላየኋቸው ማን እንደሞተ በምን አውቃለሁ?

(ሌላ ትንሽ ነገር። በደብተሩ ውስጥ አንዱ ቆፋሪ ማታ ቤቱ ገብቶ ከሰል "ያራግባል"። እኛ ከሰል ስንል ጀበናዋ ሥር ያለውን ነው የምናስበው። ድንጋይ ከሰል ሌላ ነገር ነው፤ ጭሱም ሌላ፣ ሽታውም ሌላ። እትዬ ናት ያረመችው፣ እኔ አይደለሁም።)

አሁን ወደ ሰፈራችን። ልጁን "ለምን አሜሪካ ድረስ ሄድክ?" ብዬ አልወቅሰውም። ጸሐፊ የፈለገበት ይሂድ። ግን ድንጋይ ከሰል ካማረው እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ አለለት። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄድ ሐይቅን አልፈህ የምታገኛት ውጫሌ ከሥሯ የድንጋይ ከሰል አላት። እኛ የምናውቃት በውሉ ነው፤ አማርኛው ሌላ፣ ጣሊያንኛው ሌላ በሚለው በ1881ዱ ውል። ስለ ሥራ ውል ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ የትውልድ ሰፈር ከየት ይመጣል?

በዚያው ቅዳሜ በረካው ሲቀዳ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና "የአጎቴ ልጅ ደላንታ ኦፓል ይቆፍር ነበር" አለ። ሁላችንም ዞርን። "ለምን አልነገርከንም?" ስንለው "እሱ ምን ይጻፋል?" አለ።

እሱ ምን ይጻፋል! እዚሁ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ወጣት ገደሉን እየፈለፈለ ገባ። ድንጋዩ ያለው በገደሉ ወገብ ላይ በቀጭኑ በተዘረጋ አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ድርብርብ ውስጥ ነው። ያንን እየተከተሉ በመዶሻና በመሮ በሆድ እየተሳቡ ይገባሉ። ከቦታዎቹ አንዱ ፀሐይ መውጫ ይባላል፤ ስሙን ልብ በሉት። በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ፣ በበጋው፣ ወጣቶች ዋሻ ተደርምሶባቸው ታፈኑ። የአካባቢው ሰው ቀናት ሙሉ በእጁ ሲቆፍር ከረመ። ዜናውን ሁላችንም ሰምተናል። ሰምተን ሌላ ዜና ሰማን።

ያች የኮሎራዶዋ ሰዓት እዚህም አለች። ጣሪያ መደገፊያ እንጨት ማስገባት ኦፓል አያወጣም። እንጨቱንም የሚያቀርብ የለም።

ሚዛኑም እዚህ አለ። የወሎ ኦፓል ጉደኛ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ይጠፋና እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ውሃ የጠጣው ደግሞ ከደረቀው ይከብዳል። እንግዲህ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ገዢው "አርጥበኸዋል" ይላል። ሻጩ "ደረቅ ነው ወላሂ" ይላል። ዋጋውን የሚናገረው ግን አንዱ ወገን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የልጁ የአሜሪካ ታሪክ ይሰበራል፤ እኔን በጣም የሚያጓጓኝም ይኼ ስብራት ነው። የድንጋይ ከሰል ልብ ወለድ ባለቤት አለው። ኩባንያ አለ፣ አለቃ አለ፣ በሩ ላይ ቆመህ የምትጮህበት ቢሮ አለ። የደላንታው ልጅ አለቃ የለውም። ደላላ ነው ያለው። ደመወዝ የለውም፣ ድርሻ ነው ያለው። የሠራተኛ አዋጃችን፣ የ2011ዱ ቁጥር 1156፣ በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ ግን የሚናገረው አሠሪና ሠራተኛ ላላቸው ነው። አሠሪ የሌለው ሰው ሥራ ቢያቆም በማን ላይ ነው የሚያቆመው? በራሱ ሆድ ላይ። ንግግር የሚያደርግበት ጋሪም የለውም። የአሜሪካውን ታሪክ እንዳለ የሚቀዳ ጸሐፊ እዚህ ይወድቃል። ሒሳቡን የሚቀዳ ግን ይጠቀማል።

አሠሪ ያለበትን ታሪክ የሚፈልግ ደግሞ ሃረጎን ይውረድ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ከ2009 ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። እህቴ እዚያ ከተማ አንድ ልብስ ስፌት ውስጥ ሠርታለች። ለአራት በተከራዩት ክፍል ደመወዝ ቀን ማታ ሄጄ አውቃለሁ። አራቱም ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ወረቀታቸውን ዘርግተዋል። እራት የለም፣ ሒሳብ ነው። እህቴ ሁለት ቀን አርፍደሻል ተብላ የአቴንዳንሱን ጉርሻ ተቆርጣለች። ያረፈደችው ሰርቪሱ መንገድ ላይ ስለቆመ ነው። ሰርቪሱም የእነሱ፣ ቅጣቱም የእነሱ። አንዷ ደግሞ "ሪጀክት"፣ ማለት ተበላሽቷል የተባለ ስፌት፣ በዝቶብሻል ተብላለች። ስንት እንደበዛባት ጠየቅኳት። "ሱፐርቫይዘሯ ታውቃለች" አለችኝ።

ሱፐርቫይዘሯ ታውቃለች፤ መዛኙ ያለውን ያህል። መቶ ዓመትና አንድ ውቅያኖስ በመሃል አለ፣ ወረቀቱ ግን አንድ ነው።

ከመካከላችን አንዱ "የእኛ ሰው አድማ አያውቅም፣ ምን ታሪክ ይኖረዋል?" ብሎ ነበር። ተሳስቷል። በየካቲት መጨረሻ 1966 የያኔው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አገሩ ቀጥ ብሎ ነበር። ወሎ በረሃብ እየረገፈች የነበረችበት ጊዜ ነው። የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አበራ ገሙ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሰው ነበሩ። አድማ እናውቃለን። የማናውቀው ከአድማው በፊት በነበረው ማታ ቤት ውስጥ ምን እንደተባለ ነው። እሱን ታሪክ ጸሐፊ አይጽፈውም፤ ሰነድ የለውማ። ልብ ወለድ የተፈጠረው ለዚያ ይመስለኛል።

ትናንት ልጁ ደወለልኝ። አሜሪካውን አልተወውም፤ "እሱን በኋላ እመለስበታለሁ ጋሼ" አለኝ። ግን አንድ ገጽ በስልክ አነበበልኝ። አንድ ልጅ ገዢው ቤት ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። በአንድ እጁ ግማሽ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ይዟል። በሌላ እጁ መዳፍ ውስጥ ሦስት ድንጋዮች አሉ። በሃይላንዱ ውስጥ ይክተታቸው አይክተታቸው እያሰበ ነው። በበሩ ስንጥቅ ሚዛኑ ይታየዋል፤ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ገዢው ምሳ ላይ ነው። ልጁ አልበላም።

ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ሁለተኛውን ለቅዳሜ ብሎኛል።