ኧረ ስለ እንግሊዝኛው አምላክ!

ዛሬስ በግኛለሁ። ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ሲቪ እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በራሪ ወረቀት እሠራለሁ፣ የተመራቂዎችን ጥናት እጠርዛለሁ። ሰፈሬ ውስጥ በእንግሊዝኛ ከሚጻፈው አብዛኛው በእጄ ያልፋል። የፊደል ግድፈት ብዙም አያናድደኝም። ኮምፒውተሩ ራሱ በቀይ ያሰምርበታል። የሚያናድደኝ ቀዩ መስመር የማይደርስበት ነው። ቃሉ ልክ፣ ፊደሉ ልክ፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ሰፈር!

ከመናደዳችሁ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ከለመደ ቃል ጋር ጠብ የለኝም። ግሮሰሪ ስትሉኝ ቢራ ነው የሚታየኝ። እንግሊዙ ግሮሰሪ ሲል ዱቄት፣ ስኳርና ሽንኩርት የሚሸጥበትን ሱቅ ማለቱ ነው። አንዱ ቱሪስት ፒያሳ ላይ ታፔላውን አንብቦ ሙዝ ሊገዛ ገባና ዳሸን የሚጠጡ ሰዎች መሐል ቆሞ ቀረ። ተደናገረ፣ ቆይቶ ግን እሱም አንድ አዘዘ። ምን ላድርገው? ቃሉ እኛ ጋ መጥቶ መጠጥ ለምዷል፣ አለቀ። ሆቴልም ያው ነው። እነሱ ይተኙበታል፣ እኛ ሽሮ እንበላበታለን። ማኪያቶውም፣ ጎሚስታውም፣ ራሷ ፒያሳም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማን ቅር ተሰኘ?

«ፋስቲንግ ፒዛ» የሚለው ሜኑ ግን ትንሽ ይከብደኛል። ለኛ የጾም ምግብ ማለት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ነው። ለፈረንጁ ግን ፋስቲንግ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ጭራሽ አለመብላት ነው። ስለዚህ ሰውዬው የማይበላ ፒዛ ለምን ዋጋ እንደተጻፈበት እያሰላሰለ ይቀመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንዲህ ሲያሰላስል ሊከርም ነው። ቪጋን ብላችሁ ጻፉት ብዬ የመከርኳቸው አሉ። «ቪጋን ደግሞ የየትኛው ሃይማኖት ነው?» አሉኝ።

ይሁን። ይሄ ያስቃል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ወደሚጎዳው ልምጣ።

በቀደም አንድ ልጅ መጣ። አዲስ ተመራቂ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጨዋ። «እህቴ፣ ምዝገባው ነገ ይዘጋል፤ ቶሎ ጻፊልኝ» ብሎ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ዘረጋልኝ። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቁልጭ ያለ ጽሑፍ። ገና ከላይ «አይ ወርክ ሃርድሊ» ይላል። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ልጁ «ጠንክሬ እሠራለሁ» ማለቱ ነው። ያሳዝናል እኮ፣ አስቦበት ነው የተሳሳተው። ስሎው ስሎውሊ ይሆናል፣ ኩዊክ ኩዊክሊ ይሆናል፣ ታዲያ ሃርድ ለምን ሃርድሊ አይሆንም? ይሆናል፤ ግን ሲሆን ትርጉሙን ጥሎ ይሄዳል። ሃርድሊ ማለት «እምብዛም» ነው። ጠንክሮ መሥራት ያለ ምንም ቅጥያ ሃርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጃችን ለቀጣሪው በትሕትና «እኔ እንኳ እምብዛም አልሠራም» ብሎ ሊፈርም ነበር። ዝቅ ስል ደግሞ «አይ አም ኮንፊደንሻል» አገኘሁ። በራሴ እተማመናለሁ ለማለት ነው። እሱ ኮንፊደንት ነው። ኮንፊደንሻል ምስጢራዊ ማለት ነው፤ የታሸገ ፖስታ ላይ የሚመታው ማኅተም። እስቲ ደምሩት። እምብዛም የማይሠራ ምስጢራዊ ሰው! የደኅንነት መሥሪያ ቤት እንኳ የሚሠራ ነው የሚፈልገው።

አስተካከልኩለት። ደስ ያለው መሰላችሁ? «ጓደኞቼ ሁሉ እንደዚህ ብለው ነው ያስገቡት» ብሎ በጥርጣሬ አየኝ። የነደደኝ ያኔ ነው። ሲቪ በቴሌግራም እንደሚዞር ታውቃላችሁ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ስሙንና ስልኩን ቀይሮ ያስገባዋል። ያቺ አንዲት ሃርድሊ ስንቱ ቢሮ ገብታ ስንቱን እንዳስቀረች አስቡት። ልጆቹ ደግሞ «ዘመድ ስለሌለኝ ነው» እያሉ ይብሰለሰላሉ። ዘመዱም ችግር ነው፣ አልካድኩም።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ተማር ተብሏል። የክሎሮፊልን ሥራ ጠይቁት፣ አንድ ሳይቀር ይነግራችኋል። ስለ ሃርድና ሃርድሊ የነገረው ግን የለም።

የምፈርድበትማ ሌላ ነው። ቱሪስት አስጎበኛለሁ የሚል፣ ኪሱም አንገቱም የደነደነ ሰውዬ በራሪ ወረቀት ይዞ መጣ። ትልቁ ርእስ ምን ይላል? «የጎንደር ኢንፌመስ ቤተ መንግሥት»።

«ጋሼ፣ ይሄ ቃል ይቅር» አልኩት። «ኢንፌመስ ማለት በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ ማለት ነው። ለነፍሰ ገዳይ ነው የሚባለው።»

«ፌመስ ታዋቂ ነው አይደል? ኢን ሲጨመርበት በጣም ታዋቂ ይሆናል» አለኝ። እኔን ሊያስተምር!

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ቆረቆሩ። ዩኔስኮ በ1979 ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ይሄ ሰውዬ ደግሞ በአንድ ወረቀት ግቢውን የሽፍታ ዋሻ ሊያደርገው ነው። ሥር ሥሩን ሳነብ «ኢኖርሚቲ» የሚል አለበት። ትልቅነቱን መግለጹ ነው። ጠንቀቅ የሚሉ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ይህን ቃል ለከባድ ግፍ ነው የሚያስቀምጡት። ነገሥታቱ አጥንታቸው ያረፈበት አገር ላይ ይህን ሁሉ ስድብ በቀለም አትሞ ሊበትንባቸው!

ኢን የምትባለው ቅጥያ ተንኮለኛ መሆኗን አምናለሁ። ኢንቪዚብል ላይ ታፈርሳለች፤ «የማይታይ» ይሆናል። ኢንፍሌመብል ላይ ግን አታፈርስም። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ላይ ይህን ቃል ካያችሁ ትርጉሙ «በቀላሉ የሚቀጣጠል» ነው። ፍሌመብል ከሚለው ጋር አንድ ነው። የማይቀጣጠል መስሎት አጠገቡ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው የሚወድቀው የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የእሳት አደጋ መከላከል ሰዎች ይኸው ነገር አስግቷቸው አጭሩ ፍሌመብል ይጻፍ እያሉ ሲወተውቱ ኖረዋል። ይህን ሁሉ ለጋሼ አስረዳሁ። «አንቺ ዝም ብለሽ አትሚ» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሸሪኮች ዘመዳቸው ከውጭ የላከላቸውን የውል ረቂቅ ይዘው መጡ። ጠብ ቢነሣ «ዲስኢንተረስትድ» የሆነ ሰው ይዳኛቸዋል ይላል። አንደኛው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ጉዳያችን ግድ የማይሰጠው ሰው ነው የሚፈርድብን? እያዛጋ?» ቃሉ እኮ በነገሩ ጥቅም የሌለው፣ ወደማንም የማያደላ ማለት ነው። ሽማግሌ ብለን የምናስቀምጠው እንዲያ ያለውን ሰው አይደለም እንዴ? ግድ የሌለውን ሰው ለመግለጽ አንኢንተረስትድ የሚል ሌላ ቃል አላቸው። እርግጥ እንግሊዞቹም ሁለቱን ሲያምታቱ ይውላሉ። እስኪገባቸው ድረስ ሻይ እኔው ጋበዝኳቸው። ውሉ በመጨረሻ በአማርኛ ተጻፈ፤ ሁለቱም በእፎይታ ፈረሙ።

ስቴሽነሪ ላይ ብዙ አልቆይም። የሱቆቹን ታፔላ ልብ ብላችሁ እዩ። ከአር በፊት ኤ ከገባ «የማይንቀሳቀስ» ማለት ነው። ደብተርና እስክሪብቶ የሚሆነው ኢ ሲገባ ነው። የሚያስቀው፣ የሁለቱ ዘር አንድ ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ መጽሐፍ ሻጩ እንደ አዟሪው ስለማይዞር፣ አንድ ቦታ ቆሞ ስለሚሸጥ ነው ስሙ የወጣለት። ታፔላ ጻፊያችን ግን ይህን ሁሉ አስቦ ነው ብዬ አላምንም።

ቤት ስገባ ደግሞ የእህቴ ልጅ ትጠብቀኛለች። «እቴ፣ ሊትራሊ በረሃብ ሞትኩ!» ሊትራሊ ማለት ቃል በቃል፣ በእውን ማለት ነው። ሞታ ከሆነ መሶቡን ባዶ ያደረገው ማነው? እሷን ግን ተውኳት። የፈረንጆቹ መዝገበ ቃላት ራሳቸው ሰው ለማጋነን ይጠቀምበታል ብለው መዝግበውታል። ባለቤቱ የለቀቀውን እኔ ምን አስጨነቀኝ?

ከሁሉ የሚብሰኝ ማስታወቂያ አውጪው ነው። ትናንት አንዱ ድርጅት ለገንዘብ ተቀባይነት ሰው ሊቀጥር የቅጥር ማስታወቂያ አስጻፈኝ። ሲቪውም ማመልከቻውም በእንግሊዝኛ ይሁን ይላል። ሪፖርት «ባይዊክሊ» ይቀርባል ይላል። ይሄ ቃል በሳምንት ሁለቴም፣ በሁለት ሳምንት አንዴም ማለት ይሆናል፤ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይሰጣል። የትኛው ነው ብዬ ብጠይቀው «የሚቀጠረው ራሱ ይገባዋል» አለኝ። እሺ፣ ደንበኛው አማርኛ ተናጋሪ፣ ደረሰኙ በአማርኛ፣ አለቃው እኔን የሚያናግረኝ በአማርኛ። ታዲያ እንግሊዝኛው ለምን አስፈለገ አልኩት።

«ለስክሪኒንግ ነዋ እህቴ» አለኝ።