ማስተካከያ፦ ዳግም አረቄ ሳኒታይዘርን አይተካም

በጎጃም የቴሌግራም ቡድኖች በስፋት የተጋራው «እጅን በዳግም አረቄ (ሁለት ጊዜ በተጣራ የቤት አረቄ) ማሸት ኮሮናን ይገድላል» የሚለው መልእክት ስሕተት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ኤታኖል በተባለው የአልኮል ዓይነት የሚሠራው የእጅ ማጽጃ (ሳኒታይዘር) 80 በመቶ አልኮል አለው፤ ከ60 በመቶ በታች የሆነ አያስተማምንም። የቤት አረቄ አብዛኛውን ጊዜ 50 በመቶ አይሞላም፣ ጥንካሬውም እንደ አውጪው ይለያያል። ብዙዎችን ያሳመነው «ሲነድ እዩት» የሚለው ማስረጃም አያዋጣም፤ 45 በመቶ የሆነውም ይነድዳል። አደጋው፣ እጁን በአረቄ ያሸ ሰው የጸዳ መስሎት ዓይኑንና አፍንጫውን መንካቱ ነው። መጠጣቱማ ቫይረሱን ጨርሶ አይነካውም።

በሳሙናና በውኃ፣ በጣቶች መካከልም እያሹ 20 ሰከንድ መታጠብ በቂ ነው። ሳኒታይዘር ስትገዙ መቶኛው የተጻፈበትን ምረጡ። «አንድ ሐኪም ነገረኝ» የሚል ስም የለሽ መልእክት ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ። የቀድሞውን ያጋራችሁ ይህንንም እዚያው ቡድን ላይ ላኩት።