ስንት ለስንት ነበር?

ድምፁ የተሰበሰበው በብስኩት ካርቶን ነው። ጊዜው 2013 ዓ.ም.፣ ከስድስተኛው አገራዊ ምርጫ ጥቂት ወራት በፊት። ቦታው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ የተከራየነው ጠባብ አዳራሽ። አንድ የምርጫ ክልል፣ አንድ ወንበር፣ ፓርቲውን ወክለው ለመቅረብ የሚፎካከሩ ሁለት ሰዎች። አንዱ ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር፣ ሌላው ወጣት ጠበቃ። አባላቱ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ስም ጽፈው፣ አጥፈው ካርቶኑ ውስጥ ጣሉ። ከሁለቱ ቆጣሪዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ቆጥረን ጨረስን። ሰብሳቢው ውጤቱን ከእጃችን ተቀብሎ የአሸናፊውን ስም ብቻ ጠራ። ጠበቃው ነው። ግማሹ ቤት አጨበጨበ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነን። የእከሌ ደጋፊ የሚባል ነገር የለም» አለ። መምህሩ ተነስቶ የጠበቃውን እጅ ጨበጠ። ፎቶ ተነሳን።

ከኋላ ወንበር አንድ የባጃጅ ሹፌር ተቀምጦ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በራሱ ቤንዚን ሰው ሲያመላልስ የከረመ ልጅ ነው። ድምፁን ለመምህሩ እንደሰጠ ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶው ላይ የለም። እኛ ስንደረደር እሱ ባጃጁን አስነስቶ ሄዷል። ቅስቀሳ ሲጀመር ማንም አልደወለለትም። እኔም አልደወልኩም።

የፓርቲውን ስም አልጠራም። ይህ ነገር የአንድ ፓርቲ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር።

ከውስጥ ምርጫ በኋላ ፓርቲን መልሶ አንድ የማድረግ ሥራ የአሸናፊው ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ጋ ግን ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ተሸናፊው ላይ ነው። አኮረፈ? መግለጫ አወጣ? ሊለቅ ነው? ዝም ካለ «ሆዱ ውስጥ ነገር አለ» ይባላል። ከተናገረ ደግሞ «ሥልጣን ፈላጊ» ይባላል። አሸናፊው ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከድምፅ ቆጠራው ማግስት ጀምሮ የቢሮው ቁልፍ፣ ገንዘቡና የአባላቱ ስልክ ቁጥር በማን እጅ ነው? በአሸናፊው። እንግዲህ መጀመሪያ መሄድ ያለበትም እሱ ነው።

የሚሄደው ደግሞ ቆጠራውን ይዞ ነው። ይህን ያስተማረኝ ያ ኪስ የገባው ወረቀት ነው። ውጤቱ 31 ለ24 ነበር። የሰባት ድምፅ ልዩነት! ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ቁጥሩ ከተነገረ ክርክር ይነሳል፣ ተቀራራቢ ውጤት ለሁለት ይከፍለናል ብሎ ፈራ። የተሸነፉት ሰዎች ግን ስንት እንደነበሩ ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሰው ቁጥሩን ካላወቀ ደግሞ የራሱን ቁጥር ይፈጥራል። አንዱ «ተጭበርብሯል» ይላል። ሌላው «ለካ ማንም አይፈልገንም» ይላል። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ይቀመጣሉ። ሆድ የባሰውን ሰው የምርጫ ቀን ሲደርስ ብትጠራው አይመጣም።

እኛም ያየነው ይህንኑ ነው። ለድምፅ መስጫው ቀን የታዛቢዎችን ስም ዝርዝር ስናዘጋጅ ወረቀቱ ላይ ባዶ መስመሮች ቀሩ። ከታቦር ተራራ ግርጌ ያሉትን ሰፈሮች በር በር የሚያውቁት የመምህሩ ሰዎች ነበሩ። ማን ቤት ቡና እንደሚጠጣ፣ የትኛው ዕድር ውስጥ ማን እንደሚደመጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በእኛ የምርጫ ሕግ በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል። ከ55 ሰው 24ቱን ቤት አስቀምጦ ምርጫ መግባት አንድ እጅን አስሮ እንደ መዋኘት ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ብዙ ሰው በፎቶው ያስታውሰዋል። ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን ለወራት ተፋልመው፣ ክሊንተን ሰኔ 7 ላይ ውድድሩን አቆመች። ሰኔ 27 ሁለቱ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዩኒቲ በምትባል ትንሽ ከተማ አብረው መድረክ ላይ ወጡ። ዩኒቲ ማለት አንድነት ነው። ያቺ ከተማ የተመረጠችው ግን ለስሟ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ዙር የውስጥ ምርጫ ሁለቱም እዚያ እኩል 107 ድምፅ አግኝተዋል። ፎቶው ቆንጆ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከፎቶው ውጪ የተሠራው ነው። ክሊንተን ከውድድሩ የወጣችው ከባድ ዕዳ ተሸክማ ነበር። ኦባማ የራሱን ደጋፊዎች ዕዳውን በመክፈል አግዟት ብሎ ጠየቀ፣ ከኪሱም አዋጣ። ነሐሴ ላይ ዴንቨር በተደረገው ጉባኤ የክሊንተን ስም ለድምፅ ቀረበ። ያለቀለት ነገር ነውና ይለፍ አልተባለም። ግዛቶቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ ድምፃቸውን አሰሙ። ኒውዮርክ ላይ ሲደርስ ክሊንተን ራሷ ተነስታ ኦባማ በጭብጨባ ይጽደቅ ብላ ጠየቀች። ደጋፊዎቿ መጀመሪያ ተቆጠሩ፣ ከዚያ አጨበጨቡ። እኛ ያን ቀን ጭብጨባውን ብቻ ነበር የወሰድነው።

በእርግጥ ቆጠራ ብቻውን አያድንም። በ2007 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካው ገዢ ፓርቲ ኤኤንሲ ፖሎክዋኔ ከተማ ላይ መሪውን ሲመርጥ ድምፁን በአደባባይ ቆጥሮ ነው ዙማን 2,329፣ ምቤኪን 1,505 ያለው። ዓመት ሳይሞላ ምቤኪ ከፕሬዚዳንትነታቸው እንዲነሱ ተደረገ። ደጋፊዎቻቸው ወጥተው ኮፕ የሚባል የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። ቁጥሩ ታወቀ፣ የተሸነፉት ግን ቦታ አላገኙም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ሊቀመንበሩን ሲመርጥ ዐቢይ አሕመድ 108 ድምፅ አገኙ። እዚሁ ሐዋሳ ተቀምጠው የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2። ከስድስት ወር በኋላ፣ መስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ግንባሩ 11ኛ ጉባኤውን እዚህ ሐዋሳ አደረገ። በዚያ ምርጫ ዐቢይ አሕመድ ከ177 ድምፅ 176ቱን አገኙ። ብዙዎቻችን ይህን የአንድነት ምልክት አድርገን ተቀበልነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዓመት ጥቂት በኋላ ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት አልገባም አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ ሁላችንም አይተናል፣ መንስኤውም ይሄ ብቻ ነው አልልም። ግን ዛሬ መለስ ብዬ ሳየው ስለ ግንባሩ እውነቱን የነገረን የመጋቢቱ ቆጠራ ይመስለኛል። የመስከረሙ 176 ልዩነቱ የት እንዳለ አላሳየንም።

ተቃዋሚው ጎራ ከዚህ አይሻልም። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት አራት ፓርቲ ሆኖ ተጣምሮ 109 የፓርላማ ወንበር አሸነፈ። በኋላ መሪዎቹ ተለያይተው የስሙ ጉዳይ ምርጫ ቦርድ ደረሰ። አንድነት ፓርቲም እንዲሁ ለሁለት ተከፍሎ፣ ጥር 2007 ዓ.ም.፣ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው፣ ስሙና ማኅተሙ ለአንዱ ወገን ተሰጠ። ኢዜማ በ2014 ዓ.ም. ለመሪነት ብርሃኑ ነጋንና አንዱዓለም አራጌን በግልጽ አወዳደረ። በፓርቲዎቻችን ታሪክ ብዙም ያልተለመደ ነገር ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ዓመት ሳይሞላ ግን በርካታ የታወቁ አመራሮች በአቋም ልዩነት ለቀው ወጡ። ማወዳደሩን እየለመድነው ነው። ከውድድር በኋላ አብሮ መኖርን ገና አልለመድንም።

«ሽማግሌ ይግባበት» የሚል አለ። ሽምግልናን አከብራለሁ። በፓርቲ ጠብ ውስጥ ግን ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚገባው «ለፓርቲው ስትሉ ተዉት» ለማለት ነው። ተዉት የተባለ ነገር አይተውም። የሲዳማ አባቶች ሥርዓት ከዚህ ይለያል። በሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ጉባኤ፣ ወደ ውሳኔ ከመሄድ በፊት «አፊኒ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ነገሩ ለሁሉም መድረሱ፣ ሁሉም ሐሳቡን መስጠቱ ሳይረጋገጥ አይታለፍም። እኔ የሲዳማ ተወላጅ አይደለሁም፣ ግን ዕድሜዬን እዚህ ከተማ ኖሬ ይህን ቃል ስሰማ ነው ያደግሁት። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የጎደለው ይህ ጥያቄ ነበር። ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ አፊኒ ያለው ሰው የለም።

ተሸናፊውም ግዴታ የለበትም አላልኩም። ቆጠራውን አይቶ፣ አቤቱታው ተሰምቶ፣ ከዚያ በኋላም የፓርቲውን ዕጩ ከጀርባ የሚወጋ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ድምፁ በእውነት ተሰርቆ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው እርቅ ሳይሆን ድጋሚ ምርጫ ነው።

ቀጣዩ የዕጩዎች ምርጫ ሲመጣ አሸናፊ የሚሆነውን ሰው የምለምነው ይህን ነው። ድሉን ከማክበርህ በፊት ቆጠራውን በሁለቱም ወገን ፊት ዘርጋው። በማግስቱ ተፎካካሪህ ቤት ሂድ፣ ቢሮ አትጥራው። ለሰዎቹ የማዕረግ ስም አትደርድርላቸው፣ ሥራ ስጣቸው። የታዛቢዎችን ዝርዝር እነሱ ይሙሉት። የቅስቀሳውን ፕሮግራም ከነሱ ጋር አውጣ። ከዚያ ደግሞ ከመሪዎቹ ወረድ በል። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመሆን 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። ያን ሁሉ ፊርማ ፀሐይ ላይ እየዞረ የሚሰበስበው ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው። እሱ ጋ ራስህ ደውል።

እኔ ያልደወልኩለትን ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት አገኘሁት። አሞራ ገደል ዓሣ በልቼ ስወጣ አንድ ባጃጅ አስቆምኩ። እሱ ነው። ሰላም ተባባልን። ስለ ቤንዚን ወረፋ አወራን፣ ስለ መምህሩ ጤና ጠየቅሁት። ከዚያ ዝም አልን። ፒያሳ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ።

«ጋሼ፣ ያኔ ቆጣሪ ነበርክ አይደል? ስንት ለስንት ነበር?»

«31 ለ24» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ።

«ሰባት ብቻ? እኛ እኮ 50 ለ5 መስሎን ነበር።»