በኃላፊው ደረት ልክ የተሠራ ባንኮኒ

ከስብሰባው ከወጣሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ የሐዋሳ ነፋስ እንኳ ንዴቴን አላበረደውም። የአንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ንድፍ፣ ሦስት ሳምንት ዓይኔን ያፈዘዝኩበት፣ ዛሬ በአንድ መዳፍ ተሻረ።

ንድፉ ያን ያህል የተራቀቀ አልነበረም። ቆሞ ለሚፈርም ሰው 105 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ገጽ፣ ከጎኑ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣና ተቀምጦ ፎርም ለሚሞላ አዛውንት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዝቅ ያለ ክፍል፣ ከሥሩም ጉልበት የሚያስገባ ባዶ ቦታ ነበረው። ይህ የእኔ ቅንጦት አይደለም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መተላለፊያ እንዲኖረው አዝዟል፤ ገብቶ የሚያናግረው ሰው ካላገኘ መግባቱ ምን ይረባዋል?

ኃላፊው ሥዕሉን ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይኼ ዝቅ ያለው ምንድን ነው? ልብስ መተኮሻ ነው?» አሉኝ። ስብሰባው በሙሉ ሳቀ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይቀር። አስረዳሁ። «ለመሆኑ በቀን ስንት ሰው ነው በዊልቸር የሚመጣው?» ሲሉኝ፣ «መግቢያው ላይ አራት ደረጃ ስላለ እስካሁን ማንም አልመጣም» ብዬ መመለሴ ሳይሆን አይቀርም ነገሩን ያበላሸው። ከወንበራቸው ተነሡ፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉና «እስከዚህ ይሁን፤ መሥሪያ ቤት ግርማ ሞገስ ያስፈልገዋል» አሉ። ከፋይናንስ የመጣው ሰውዬም ፈጠን ብሎ ሜትር ዘረጋና የኃላፊውን ደረት ለካ፤ 128 ሳንቲ ሜትር። ይኸው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

እንግዲህ አስቡት። ከኋላው በተራ ወንበር የምትቀመጠው ሠራተኛ ዓይን ከወለሉ 120 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ስለዚህ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣውን ባለጉዳይ እሷ አታየውም፣ እሱም እሷን አያያትም። ምናልባት የተፈለገውም ይኸው ይሆናል። ደጅ ጥናት ድሮ በአጥር ውጭ ነበር፤ አሁን ጣሪያ ሥር ገባ፣ ግራናይትም ለበሰ። አምና እናቴን ይዤ በሄድኩበት ክሊኒክ በመስታወቱ ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ እናቴ አጎንብሳ የሽንት ሕመሟን ለወረፋው ሁሉ እያሰማች የተናገረችው በዚያች ቀዳዳ ነው። ዝቅ ያለውን ክፍል ስስል የነበረው እሷን እያሰብኩ ነበር፤ ይህንን ግን ለስብሰባው አልተናገርኩም።

ዝቅ ያለው ክፍል «ለበጀት ሲባል» ተሰረዘ፤ በዚያው አፍታ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት እንዲዞርበት ተወሰነ። የኮምፒውተሩ ገመድ በየት እንደሚያልፍ ግን አንድም የጠየቀ የለም፤ በኋላ አንዱ በድሪል ይበሳዋል፣ ዲቫይደሩም ወለል ለወለል ይጎተታል። የመጀመሪያው ክፍያዬም ገና «ፊርማ ላይ» ነው፤ ሁለት ወር ሆነው።

አሁን ለአናጢው ደውዬ አዲሱን ልክ ነገርኩት። ለጊዜው ዝም አለና «እመቤት፣ ከፍ ያሉ የመጠጥ ቤት ወንበሮችም ልሥራ እንዴ?» አለኝ።