ኢንስፒሬሽን የወጣች በርጩማ

ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ልቀመጥ ስል በርጩማዬ የለችም። ሲኒው በእጄ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ስልኬን ስከፍት የእህቴ ልጅ ጽፋለች፦ «ጋሼ፣ በርጩማዋን ለኢንስፒሬሽን ወስጃታለሁ። እንዳትቆጣ።»

ልጅቱ የዲዛይን ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ ከጅማ ደርሶ መልስ ትወጣለች። አንዴ አጋሮ፣ አንዴ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው ደግሞ ቦዬ ረግረግ። ጉማሬዎቹን እያየች ሐሳብ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ሐሳቡም እንደ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም መሰለኝ፣ እስካሁን አልመጣም። የባጃጁ ሒሳብ ግን ከእኔ ኪስ በሰዓቱ ይወጣል።

አባቴ ቢኖር «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ይል ነበር። ይህን ተረት ስወደው! ወፏ በቀኝ ትበራለች፣ ዱላው በግራ ያፏጫል፣ አዳኙ ደግሞ ሮጦ ዱላውን ያነሳል። አባቴ ለቀበሌ ስብሰባም፣ ለሬዲዮ ዜናም ይህንኑ ይል ነበር። አንድ ቀን ለእናቴ ወጥ ተጠቀመበት። ያን ማታ ጦሙን አደረ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ በርጩማዋ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ናት። ምስማር የላት፣ ሙጫ የላት። መሐሏ ጎድጎድ ብሎ ሰውን እንደሚያውቅ ሰው ይቀበላል። እግሯ ሦስት ነው። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢንጋደድም አይወዛወዝም። አራት እግር ያለውን ግን እኔን ጠይቁኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት አልጋ አሠራሁ። አናጺው ቀብድ ተቀብሎ «ነገ» አለኝ። ነገ የሚባለው ቀን ከአራት ወር በኋላ መጣ። አልጋው ሲገባ አንዱ እግሩ አጭር ነው። ብነግረው ጎንበስ ብሎ አየና «ወለሉ ነው ጥፋተኛው» አለኝ። ወለሉ! ይኸው እስካሁን የምተኛው በታጠፈ ካርቶን ላይ ነው። አናጺው በሰላም ይተኛ እንደሆነ እንጃ።

ይልቅ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መንገድ ዳር በርጩማ የሚሸጠውን ሰው ሳንቲም ሳይቀር ተከራክረን እናደክመዋለን። ከዚያ ሄደን ፕላስቲክ ወንበር በተጠየቅነው ዋጋ እንገዛለን። ፕላስቲኩ በዓመቱ እግሩን ይከፍታል። በርጩማዋ አዲስ አበባ ሳሎን ስትገባ ግን «ዋው፣ ዲዛይን!» ተብላ ተከብራ ትቀመጣለች። እዚህ ላብ ነበረች፣ እዚያ ዲዛይን ሆነች። ደሜ ይፈላል።

ጅሬንንም ተዉኝ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ ያን ሁሉ የቤተ መንግሥት እንጨት የጠረቡት ሰዎች፣ ጉማሬ ሊያዩ ደርሶ መልስ የወጡ አይመስለኝም። ልጅቱ ባለፈው ሄዳ የበረንዳውን ምሰሶ ልታሳየኝ ስልኳን ሰጠችኝ። ሰማንያ ፎቶ ቆጠርኩ። በሰባ ዘጠኙ ምሰሶው ከጀርባዋ ነው። በሰማንያኛው ጣቷ ሌንሱን ሸፍኖታል።

ማታ ላይ እየሮጠች ገባች። «ጋሼ! መጣልኝ!»

ደብተሯን ዘረጋች። ወንበር ነው። ጉማሬ ይመስላል። አፉ መጽሔት ማስቀመጫ ነው አለችኝ። እግሮቹን ቆጠርኩ። አራት።

«ጎበዝ» አልኳት። «በርጩማዬስ?»

ዝም አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! እዚያው ረስቻት መጣሁ። ለመጪው ቅዳሜ አመጣታለሁ፣ ግን ጋሼ… የባጃጅ…»

እሁድ ቡናዬን ቆሜ ጠጣሁ።