ተመራቂን ማበረታታት ከምርቃት ያለፈ ይሁን

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይሁን ከከተማችን የግል ኮሌጆች የወጣ ወጣት፣ ገና የድግሱ ዕቃ ታጥቦ ሳያልቅ፣ በለቅሶ ቤትም በሰንበቴም የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሥራ ያዝክ ወይ?» ጠያቂው ክፋት የለበትም። ነገር ግን ጥያቄው ሲደጋገም ምርመራ ይሆናል፤ ከዚሁ ለመሸሽ ሲሉም ከሰው መቀላቀል የተዉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ «አይዞህ» ከማለታችን በፊት ያሉበትን ሁኔታ በቅጡ ማወቅ ይገባናል።

የዛሬ ተመራቂዎች ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላም፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ እየተዘጋና ኢንተርኔት እየተቋረጠ ነው የተማሩት። በዚያው ዓመት የተጀመረውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም ቢያንስ 50 በመቶ አምጥተው ማለፍ ነበረባቸው። ይህን ሁሉ ተሻግሮ የመጣን ወጣት «የዘንድሮ ተማሪ ምን ያውቃል» ብሎ ማጣጣል ግፍ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያያል። ወረፋ የያዘው ወጣት በፍላሽ ያመጣውን ሲቪ ያሳትማል፤ ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ስቱደንት ኮፒውንና የመውጫ ፈተና ውጤቱን ኮፒ ያስደርጋል፤ ከዚያም ስልኩ ላይ በቴሌግራም የመጣለትን ማስታወቂያ ከፍቶ ወደ ታች ሲወርድ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የሚል ያነብባል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ለጥቂት መደቦች የሚመዘገበው ሰው አዳራሽ ይሞላል። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል በኖረበት አገር ዛሬ ሐኪሞች ሳይቀሩ ተመርቀው ቅጥር ይጠብቃሉ። ጥምቀትን ለማየት ይመጣ የነበረው የውጭ ጎብኚ በመመናመኑ፣ በቱሪዝም የተመረቁት ከሌሎቹም የባሰ ችግር ላይ ናቸው። እንግዲህ ሥራ አለማግኘት የስንፍና ማስረጃ አለመሆኑን ወላጅም ተመራቂውም ሊቀበሉት ይገባል።

በዚህ ረገድ የራሱ የዩኒቨርሲቲው አጀማመር የሚያስተምረን ነገር አለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) በአንድ ቡድን ሠልጥነው በገጠር ጤና ጣቢያዎች አብረው እንዲሠሩ ይደረግ ነበር። የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው መለያ ሆኖ ቆይቷል። እርግጥ ያን ጊዜ መንግሥት ደመወዝ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ይህን ልዩነት ሸፍኖ የዛሬውን ልጅ በትናንቱ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ሆኖም የችግሩን ቦታ አይቶ፣ የተለያየ ሙያ ካለው ሰው ጋር ተጣምሮ መሄድ ዛሬም ያዋጣል። የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ የሚጠየቁ ብዙ ነጋዴዎች በከተማችን አሉ፤ አንድ የሒሳብና አንድ የኮምፒውተር ተመራቂ ተጣምረው ለጥቂቶቹ መዝገብ ቢይዙ፣ ገቢው ባይበቃም ሙያው ከእጃቸው አይወጣም።

«ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው ምክር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመድረክ ላይ በጣም ረክሷል። መነሻ ገንዘብም ለብድር የሚያስይዘው ንብረትም የሌለውን፣ በላዩ ላይ የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበትን ልጅ «ፍጠር» ብሎ መሸኘት ኃላፊነትን ከራስ ማውረድ ነው። ይልቅስ ባጃጅ ለመንዳት፣ ሱቅ ውስጥ ለመሸጥ ወይም በሰሊጥ ወቅት መተማ ወርዶ ለመሥራት የወሰነውን ተመራቂ «ለዚህ ነው የተማርከው?» እያልን አናሸማቀው። ለተመራቂዎቹም የምለው ይህንኑ ነው፦ ለጊዜው የያዛችሁት ሥራ ከዲግሪያችሁ በታች ቢመስልም አትፈሩበት፤ ነገር ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሙያችሁ አትንፈጉ፤ ማስታወቂያ መከታተልም አትተዉ። ዘንድሮ ያልተጠራ ስም በከርሞው ውድድር ሊጠራ ይችላል።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም የሒሳብ ቢሮ ያላችሁ የጎንደር ሰዎች፣ አንድ ተመራቂ ለስድስት ወር ማስገባት ብዙዎቻችሁን አያከስራችሁም። በነጻ አሠርቶ ማሰናበት ብዝበዛ ስለሆነ፣ ትንሽም ብትሆን ደመወዝ ይቆረጥለት። ሲወጣ የሚሰጠው ደብዳቤ የሥራ መደቡን፣ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን፣ የሚከፈለውንም ደመወዝ በግልጽ ይጻፍበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሥራ ግብሩን በየወሩ ክፈሉለት፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የግል ድርጅት ልምድ የሚይዙት ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ሲቀርብ ነውና፣ ያ ካልተደረገ ልጁ ስድስት ወር ሠርቶም በሚቀጥለው ምዝገባ «0 ዓመት» ተብሎ ይጻፋል።