ብራቮ ለወረቀት አልባው ቢሮ

ድሮ ደሴ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ፋይሉ ጠፋ እንዳይባል ይሳል ነበር። ደስ ይበላችሁ፣ ያ ዘመን አለፈ። አሁን ፋይል አይጠፋም። ከመጀመሪያውም የለማ!

ምስጋናው ለቴሌግራም ይሁን። ስብሰባው ግሩፕ ላይ፣ ትእዛዙ ግሩፕ ላይ፣ ውሳኔው ግሩፕ ላይ ነው። ኃላፊው ለቅሶ ቤት ተቀምጦም ይወስናል። ክቡ ማኅተምና ቁልፉን ይዞ ምሳ የወጣው ሰው በአንዲት ቢጫ አውራ ጣት ተተክተዋል። አውራ ጣት ካረፈበት ጸድቋል። ልብ ካረፈበት በጀትም ተይዞለታል። (ሁለት እጁን የገጠመው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።)

ንጽሕናውስ! አይጥ የሚበላው ወረቀት የለም። መልእክቱ በሰባት ቀኑ ራሱን እንዲያጠፋ ተስተካክሏል። ኦዲተር ቢመጣ የሚያገኘው የዚህን ሳምንት የመልካም ጁምዓ ካርድ ነው።

ይህን ሥልጣኔ ያልተረዱት ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው። የውኃ መውረጃው ቦይ በአጥራቸው ሥር እንዲያልፍ ማን እንደወሰነ ማወቅ ፈለጉ። ደሴ ተዳፋት ናት። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በማን ደጅ እንደሚዞር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። አንድ ቢሮ ሄደው ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ አሉ።

«ሐጂ፣ ውሳኔው እኮ ግሩፕ ላይ ነው» አላቸው የቢሮው ልጅ።

«እሱኑ አሳየኛ ልጄ።»

«እኔ የለሁበትም፣ የኃላፊዎች ነው። የያኔው ኃላፊ ደግሞ ኮምቦልቻ ተዛውረዋል።»

ሐጂ ሚኒባስ ተሳፍረው ቁልቁል ወረዱ። ኃላፊው በክብር ተቀበሏቸው፣ ቡናም አዘዙላቸው። «እኔማ ከግሩፑ ወጥቻለሁ» አሉና ስልካቸውን ከፍተው አሳዩዋቸው። እውነትም የለም። ከዚህ በላይ ግልጽነት ከየት ይምጣ?

ሕግ አዋቂዎች ግን አያርፉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል ይሉናል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፣ ወረቀት ላይ ይሁን ስልክ ውስጥ ለውጥ የለውም፣ ከተከለከልክ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂድ ይሉናል። አዋጁ መች ጠፋን! መረጃው በመንግሥት እጅ ከሆነ አይደል? ይሄ ያለው ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው።

የሐጂ ልጅ ግን አዋጁን አንብባ ማመልከቻ ጻፈችላቸው። ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የቢሮው ልጅም አላንገላታቸውም። ማመልከቻውን በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ የቢሮው ግሩፕ ላይ ለጠፈ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰላቸው። «እኛ ወረቀት ትተናል፣ ሐጂ።» ወዲያው ሦስት አውራ ጣትና አንድ ልብ ወረደለት።

በስምንተኛው ቀን ጎራ ቢሉ «የትኛው ማመልከቻ?» ተባሉ። ሐጂ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ልጁም ስልኩን አወጣ፣ እንደገና ፎቶ ሊያነሳ።